የሞተር ብስክሌት መሪ ለምን ይንቀጠቀጣል?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሞተር ብስክሌት የፊት ጎማና ስለ መሪው ነው። ሞተር ብስክሌት ዛሬ ገጠሩም ገብቷል። ገበያ ያደርሳል፤ ማዳበሪያ ያመጣል፤ ለመኪና በማይመች መንገድም በሽተኛ ጤና ጣቢያ ያደርሳል። ታዲያ ያሉት ሁለት ጎማዎች ብቻ ናቸውና ፊተኛው ከከዳ ነጂውም ተሳፋሪውም መሬት ላይ ናቸው።

በቅሎ ስታነክስ ዝም ብለን አንነዳትም። ወርደን ሰኮናዋን እናያለን። ሞተር ብስክሌትም ሕመሙን ይናገራል። መሪው ሲንቀጠቀጥ፥ ወደ አንድ ጎን ሲስብ፥ ፍሬን ሲያዝ «ቋ» ሲል፥ እዩኝ ማለቱ ነው። እንግዲህ በተራ እንየው።

አንደኛ፥ ንፋስ። ንፋስ የጎደለው ጎማ መሪውን ያከብዳል፤ ኩርባ ላይም ይዋልላል። ለትናንሽ ሞተር ብስክሌቶች የፊት ጎማ የሚታዘዘው ንፋስ በአብዛኛው 25 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ትክክለኛው ልክ ከሞተሩ ጋር በመጣው መጽሐፍ ላይ ይገኛል። ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ ቢሆንም ቁጥሩ ያው ቁጥር ነው። አንብባችሁ ለጎሚስታው ንገሩት። ጎማው ካበጠ ወይም ጎኑ ከተሰነጠቀ ግን ይለወጥ።

ሁለተኛ፥ ቸርኬ። ሞተሩን በመካከለኛ ማቆሚያው አቁሙት። አንድ ሰው ከኋላ ይጫንና የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳ። ጎማውን ከያዙት ሁለት እግሮች በአንዱ ላይ ቀጭን እንጨት እሰሩ፤ ጫፉን ወደ ቸርኬው አስጠጉ፤ ከዚያ ጎማውን አሽከርክሩ። ክፍተቱ አንዴ ሰፋ፥ አንዴ ጠበብ ካለ ቸርኬው ጠሟል። ሽቦዎቹንም በትንሽ ቁልፍ መታ መታ አድርጉ። የተወጠረው እንደ ክራር ጅማት ጥርት ብሎ ይጮኻል። የላላው ድምፁ የታፈነ ነው።

ሦስተኛ፥ ኩሽኔታ። ጎማው እንደተነሳ ከላይና ከታች ይዛችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዝውዙት። ቢንቀጫቀጭ የጎማው ኩሽኔታ አልቋል፤ ወይም ፔርኖው ላልቷል። ቀጥሎ የሁለቱን እግሮች ታችኛ ጫፍ ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉ፥ ሳቡ። ከመሪው አንገት ሥር ቢላወስ የአንገቱ ኩሽኔታ ላልቷል። ወገሉ የላላ ማረሻ ቀጥ ብሎ ያርሳል? አያርስም። ይህም እንደዚያው ነው።

መሪውንም ቀስ ብላችሁ ከግራ ወደ ቀኝ አዙሩት። ልክ መሃል ላይ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ያዝ ካደረገ ኩሽኔታው ተበልቷል። ይህን ማጥበቅ አያድነውም፤ ይለወጥ።

አራተኛ፥ ዘይት። ከፊት እግሮቹ ላይ ዘይት ከወረደ ላስቲኩ አርጅቷል። ዘይቱ ፍሬኑን ከነካ ፍሬኑ አይዝም። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም።

አንዳንዴ ግን ጥፋቱ ከኋላ ነው። ካቴና ሲጠብቅ የኋላው ጎማ ጠሞ ይታሰራል፤ ሞተሩም ወደ አንድ ጎን ይስባል። በግራና በቀኝ ያሉት ምልክቶች እኩል መሆናቸውን ተመልከቱ።

ጭነትም አለ። ብዙዎቹ ትናንሽ ሞተር ብስክሌቶች የሚችሉት ነጂውን ጨምሮ 150 ኪሎ ገደማ ነው። ነጂው 60፥ ኩንታሉ 100 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 160 ነው። ጭነቱ ደግሞ ከኋላ ተቆልሎ ፊቱን ያቀለዋል። ፊቱ የቀለለ ሞተር መሪው ይርገበገባል፤ መንገድም አይዝም። ይህን መካኒክ አያድነውም፤ መድኃኒቱ ጭነት መቀነስ ነው።

በጉዞ ላይ መሪው ቢንቀጠቀጥስ? አትደንግጡ። የፊት ፍሬን በድንገት አትያዙ። ነዳጁን ቀስ በቀስ ልቀቁ፤ ሞተሩን በጉልበታችሁ ቆንጥጡ፤ መሪውን ሳትታገሉት ያዙ። ፍጥነቱ ሲበርድ ዳር ይዛችሁ ቁሙ።

ንፋስ መለካትና ሽቦ መፈተሽ የራሳችን ሥራ ነው። ኩሽኔታና ፍሬን ግን መካኒክ ይያቸው። እስኪጠገኑ ድረስ ሰው አትጫኑ። «ዛሬን ብቻ ላድርሰው» የሚባለው ቀን ነው የሚያስለቅሰው። የኩሽኔታ ዋጋ ይከፈላል፤ የሰው ሕይወት ግን አይተካም።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ጎማውን አንስታችሁ ፈትሹ። ለዛሬው በዚህ ይበቃናል።