ለጥናት ደም ከመስጠታችሁ በፊት

በካምፓችን ሬዲዮ የተላለፈ የጤና ትምህርት

 

ሰሞኑን ቤት ለቤት ስዞር፣ ወገባቸውን ለዓመታት የሚያማቸው አንዲት እናት «ልጄ፣ ለጥናት ብለው ደም ቢጠይቁኝ ልስጥ? ወዴትስ ነው የሚወስዱት?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ የዛሬው ትምህርታችን በዚሁ ላይ ነው።

ከ3 ወር በላይ የቆየ ወይም እየተመላለሰ የሚያስቸግር ሕመም ስር የሰደደ ሕመም ይባላል። ብዙ ጊዜ በራጅም ሆነ በደም ምርመራ አይታይም። ስለዚህ «ምንም አልተገኘብህም» የተባለ ሰው ሁሉ አስመሳይ አይደለም። መነሻው ከሰው ሰው ስለሚለያይ በጥቂት በሽተኞች ብቻ አጥንቶ ምክንያቱን ማወቅ ያስቸግራል። ተመራማሪዎች የብዙ ሰው የሕመም ታሪክና የደም ናሙና ሰብስበው በሌላ አገር ካሉ ባልደረቦቻቸው ጋር የሚካፈሉት ለዚህ ነው።

ጥቅሙን በምሳሌ እንየው። በሰሜን ፓኪስታን ከተወለዱ ጀምሮ ሕመም ተሰምቷቸው የማያውቅ ልጆች ተገኙ። አጥንታቸው ቢሰበር እንኳ አያማቸውም። ከ3 ቤተሰብ የተገኙ 6 ልጆች ከተመረመሩ በኋላ፣ ነርቭ የሕመምን መልእክት እንዲያስተላልፍ የሚያስፈልግ አንድ ጂን በውርስ እንደተበላሸባቸው በ2006 እ.ኤ.አ. ታወቀ። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች ይህን ፍንጭ ይዘው አዲስ የሕመም ማስታገሻ ሲፈልጉ ቆይተዋል።

ጉዳቱም አለ። በአሜሪካ አሪዞና የሚኖሩ የሃቫሱፓይ ሰዎች ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለስኳር በሽታ ጥናት ብለው ደም ሰጡ። ደማቸው ለሌላ ጥናትም እንደዋለ ሲሰሙ ከሰሱ። በ2010 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሲቲው በስምምነት ለ41 ሰዎች 700,000 ዶላር ከፈለ፤ የቀረውንም ደም መለሰላቸው። ሰዎቹን ያስቆጣቸው ሳይጠየቁ መደረጉ ነበር።

እንግዲህ ለጥናት ደም ብትጠየቁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. ደሜ የት ይቀመጣል? ለስንት ጊዜ?
2. ለማን ይሰጣል? ለሌላ በሽታ ጥናትስ ይውላል?
3. በስሜ ነው ወይስ በኮድ ቁጥር? ስሜን ከኮዱ ጋር የያዘው መዝገብ በማን እጅ ነው?
4. ሐሳቤን ብለውጥ ለማን ልንገር? የቀረው ደምስ ይወገዳል? (አስቀድሞ የተሠራበትን ውጤት ግን መመለስ እንደሚያስቸግር እወቁ።)
5. ለጤናዬ የሚጠቅም ነገር ቢገኝ ይነገረኛል?

ማንበብ የማይችል ሰው ወረቀቱ በሚገባው ቋንቋ ይነበብለት። የሚያምነውንም ሰው ይዞ ይሂድ።

እምቢ ማለት መብታችሁ ነው። እምቢ በማለታችሁ ሕክምናችሁም፣ ራሽናችሁም፣ የሪሰትልመንት ጉዳያችሁም ሊነካ አይገባም። ደም በመስጠትም ጉዳይ አይፋጠንም። «ይፋጠንላችኋል» የሚላችሁ ቢኖር አትፈርሙ፤ ለጤና ሠራተኛ ንገሩ።

ለወባ ወይም ለደም ማነስ ክሊኒክ የሚወሰደው ደም ግን ለራሳችሁ ሕክምና ስለሆነ አትፍሩት። ሕመም ያለባችሁም ጥናት እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ወደ ክሊኒክ ኑ።

ለእኚያ እናትም ያልኳቸው ይህንኑ ነው፦ «እማማ፣ መስጠቱም መተዉም የእርስዎ ነው። መጀመሪያ ግን ይጠይቁ።»

ሳምንት እስክንገናኝ ጤና ይስጥልኝ።