ሐሳብ ሲሮጥ እንቅልፍ ይርቃል

አቅራቢ፦ በመርካቶ ሱቁ ሲዘጋ የነጋዴው ሐሳብ አብሮ አይዘጋም፤ በዱቤ የወጣው ጨርቅ፣ የማግስቱ እቁብና ገና ያልተራገፈው ጭነት ጎኑን ሲያሳርፍ ተራ በተራ ስለሚነሡበት፣ ሰውነቱ እየደከመ አእምሮው ነቅቶ ያድራል። ይህ አንዱን ጉዳይ ያለ ውሳኔ ደጋግሞ የማውጠንጠን ሁኔታ ብዙዎችን እንቅልፍ የሚነሣ ነው።

በአሜሪካ የቤይለር ዩኒቨርሲቲው ማይክል ስከሊንና ባልደረቦቹ በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ 57 ወጣቶች ከመኝታ በፊት ለ5 ደቂቃ እንዲጽፉ ተደርጎ፣ ወደፊት የሚሠሩትን የዘረዘሩት ያጠናቀቁትን ሥራ ከጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው አንቀላፍተዋል፤ ዝርዝሩ በተብራራ መጠንም እንቅልፉ ይፈጥን ነበር። ያልተቋጨ ጉዳይ ወረቀት ላይ ሲሰፍር አእምሮ እንዳይረሳው ብሎ ደጋግሞ ከማንሣት ያርፋል የሚለው ማብራሪያ አሳማኝ ነው። ደብተር መያዝ ለለመደ ነጋዴም ዘዴው እንግዳ አይሆንም።

ይሁንና ካፌይን የተባለው የቡና አነቃቂ ንጥረ ነገር ግማሹ ከሰውነት እስኪወገድ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ፣ አመሻሽ ላይ የተጠጣ ቡና ይህን ሁሉ ጥረት ሊያከሽፍ ይችላል።

እንቅልፍ ማጣቱ በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ እየተከሰተ 3 ወር ከዘለቀ፣ ሥር የሰደደ የእንቅልፍ እጦት ስለሚባል ሐኪም ማየት ይገባል፤ ከመርካቶ ብዙም የማይርቀው የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በር ላይ መታየትም ማንንም ሊያሳፍር አይገባም።