ቤትና ሥራ በአንድ ክፍል

(በካርቱም ለኖሩና በጦርነቱ ምክንያት ከዚያ ለተፈናቀሉ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የተዘጋጀ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው በምንኖርበት ቤት ውስጥ ለአነስተኛ ሥራ የሚሆን ቦታ እንዴት እንደምናዘጋጅ ነው። እንጀራ መጋገር፣ ልብስ መስፋት፣ ቡና ማፍላት፣ ጸጉር መሥራት፣ በርበሬና ሽሮ ማዘጋጀት፤ በካርቱም በደይምና በጅሬፍ ብዙዎቻችንን ያኖሩን እነዚህ ሥራዎች ናቸው።

ወደ ቤት ውስጥ ሥራ የገባነው ወደን ብቻ አይደለም። በሱዳን ስደተኛ ተቀጥሮ ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱም በቀላሉ አይገኝም። በካርቱም መንገድ ዳር ሻይ የሚሸጡ ሴቶች፣ ሱዳናውያቱም ሆኑ ሐበሾቹ፣ «ከሻ» የሚባለው አፈሳ በመጣ ቁጥር ማንቆርቆሪያቸውና በርጩማቸው ይወሰድባቸው ነበር። ሱቅ ለመከራየት ደግሞ አቅም የለም። ስለዚህ አንዲት ክፍልና የጋራ ሆሽ መኝታም፣ ማድቤትም፣ የሥራ ቦታም ሆኑ።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት ልናስገነዝባችሁ የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። የሥራ ቦታ ለማግኘት ትርፍ ክፍል የግድ አያስፈልግም፤ የግድ የሚያስፈልገው ወሰን ነው። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ጥግ እንኳ ወሰኑ ከታወቀ ይበቃል። ወሰኑ ካልታወቀ ግን ሥራው የልጆችን መኝታ ይወስዳል፣ ቤቱም የሥራውን ገንዘብ ይበላል። ይህን ወሰን እንዴት እንደምናበጅ በተራ እንመልከት።

አንደኛ፤ ጥጉን እንለይ። የሥራው ጥግ ከአንገረቡና ከልጆች መጫወቻ በመጋረጃ ይለይ። ሆሹ ቦታ ካለው በእንጨትና በሣር ራኩባ መሥራት ይመረጣል፤ በካርቱም ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ በቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ መሥራት አይቻልም። ልብስ ሰፊ መኪናውን ሲያስቀምጥ ብርሃን በግራ በኩል እንዲመጣለት ያድርግ፤ በቀኝ ከመጣ የመኪናው ክንድና የገዛ እጁ ጥላ መርፌውን ይጋርዱበታል።

ሁለተኛ፤ እሳቱን እንጠንቀቅ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይነድ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኙ ልጆች ሳይነቁ ሊሞቱ ይችላሉ። ሃቡብ ተነሥቶ በርና መስኮት ሲዘጋ፣ በብርድ ሌሊትም ቢሆን፣ ካኑኑ ውጭ ይደር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላችሁ ደግሞ አንዱ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል እንደሚስብ እወቁ፤ ይህም ከ15 አምፔር በላይ ማለት ነው። ለአምፖልና ለማራገቢያ በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ከተሰካ ሽቦው ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ ሆሹም በእሳት ሊያያዝ ይችላል። ለምጣድ ከቆጣሪው የሚነሣ ወፍራም ሽቦ ለብቻው ይዘርጋ፤ ዘርጊውም ሙያውን የሚያውቅ ይሁን።

ሦስተኛ፤ ከአቧራና ከውሃ እንከላከል። የቡሆ ዕቃ ሁልጊዜ ክዳን ይኑረው። የፈተሪታውም ሆነ የጤፉ ጆንያ መሬት ላይ አይቀመጥ፤ በብሎኬት ላይ ሳንቃ አጋድመን ከፍ እናድርገው። በሐምሌ 1980 ዓ.ም. ማብቂያ ካርቱም ላይ የወረደው ከባድ ዝናብ እጅግ ብዙ የጭቃ ቤቶችን እንዳፈረሰ የቆዩት ያስታውሳሉ። በ2012 ዓ.ም. ማብቂያም ዓባይ ከልክ በላይ ሞልቶ ሱዳን የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጃለች።

አራተኛ፤ ሰዓቱንና ገንዘቡን እንለይ። መጋረጃው ሲወርድ ሥራው አብቅቷል ማለት ነው፤ ልጆችም ለሥራው ሲባል ከትምህርታቸው አይቅሩ። የሥራው ገንዘብ በአንድ ጣሳ፣ የቤቱ በሌላ ይቀመጥ። ለምሳሌ ከ100 የሱዳን ፓውንድ ሽያጭ 70ው የዱቄት፣ የከሰልና የውሃ ከሆነ የቤቱ ድርሻ 30 ብቻ ነው። 50 ካወጣን የነገውን ዱቄት ዛሬ በላነው ማለት ነው። ደብተር ይኑረን፤ መጻፍ የማይችል ቢኖር ልጁ ይጻፍለት።

አምስተኛ፤ ከሆሹ ሰው ጋር እንስማማ። ጭሱ ወደ ማን ይሄዳል? ውሃው በማን በር ይፈስሳል? የመብራቱን ሒሳብ ማን ይከፍላል? እነዚህን ከጎረቤትና ከባለቤቱ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ከኋላ ጠብ ያድናል። ከቤት ምግብ መሸጥም የአካባቢውን ፈቃድና የጤና ካርድ ሊጠይቅ ስለሚችል ከመጀመራችን በፊት እንጠይቅ። ብቻውን የማይችል በእቁብ፣ ሱዳኖቹ «ሰንዱቅ» በሚሉት፣ ከሌሎች ጋር ይተባበር። የካርቱም ምግብና ሻይ ሻጭ ሴቶችን በኅብረት ሥራ ማኅበር የመሩት ሱዳናዊት አዋዲያ ማህሙድ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአሜሪካ መንግሥት ዓለም አቀፍ የሴቶች የጀግንነት ሽልማት ተቀብለዋል። ሻይ መሸጥ ለኅብረት አያንስም።

ስድስተኛና የመጨረሻው፤ ቦታው ተነቃቃይ ይሁን። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ካርቱም ውስጥ ሲፈነዳ ብዙ ሰው በእጁ የያዘውን ብቻ ይዞ ወጣ። በሲሚንቶ የተተከለ ምድጃ እዚያው ቀረ። የእግር መኪና ግን ሁለት ብሎን ሲላላ ጭንቅላቱ ከእግሩ ይላቀቃል፤ ጭንቅላቱን አንድ ሰው ይሸከመዋል፣ እግሩን አናጢ ከእንጨት ሊሠራው ይችላል። ስለዚህ ዕቃ ስንገዛ «ይህ በካሮ ይጫናል? በትከሻ ይወጣል?» ብለን እንጠይቅ። የስደተኛነት መታወቂያችን፣ የሒሳብ ደብተራችንና አነስተኛ መሣሪያዎቻችን በአንድ ከረጢት ይቀመጡ፤ ከረጢቱም በበሩ አጠገብ ይሰቀል።

ወገኖቻችን፣ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አድርጉ አንልም። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ መጀመሪያ ካኑኑ የት እንደሚያድር ተመልከቱ። ነገ ሁለት ጣሳ አዘጋጁ። መጋረጃው በሚቀጥለው ሳምንት ሊሰቀል ይችላል።