የመመሪያ ምሳሌም ይታረማል

ድራይቨር የኮምፒውተሩን ዋና ሥርዓት ከፕሪንተር፣ ከካሜራ ወይም ከኔትወርክ ካርድ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በሊነስ ቶርቫልድስ የተጀመረው ሊነክስ የተባለ ዋና ሥርዓት ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ የድራይቨር አጻጻፍ መመሪያዎቹም ከኮዱ ጋር አብረው ይቀመጣሉ።

መመሪያው ውስጥ ያሉት የኮድ ምሳሌዎች ግን ያረጃሉ። የአንድ ፈንክሽን ስም ሲቀየር፣ በድራይቨሩ ኮድ ውስጥ የቀረውን አሮጌ ስም ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ያጋልጠዋል። በጽሑፍ መሀል ያለውን ምሳሌ ግን አያየውም። ጀማሪው ያንኑ ገልብጦ ይወስዳል፤ ስህተቱም ከድራይቨር ወደ ድራይቨር ይዛመታል።

መፍትሔው ምሳሌውንም መፈተሽ ነው። በሊነክስ ውስጥ ለዲቫይስ ትሪ፣ ማለትም ለሃርድዌር መግለጫው፣ በያምል ቅርጸት የተጻፉት ሰነዶች ምሳሌዎቻቸው በአንድ ትእዛዝ ተፈትሸው ከደንቡ ጋር ይመሳከራሉ። በሌሎች መመሪያዎች ያሉትን ብዙ ምሳሌዎች ግን የሚያርማቸው ንቁ አንባቢ ነው። እርማቱን ከነምክንያቱ ጽፎ፣ ስሙን አስፍሮ፣ ለሚመለከተው የሊነክስ ክፍል ኃላፊዎች በኢሜይል ይልካል።

ፕሮግራም መጻፍ የምትማሩ አድማጮቻችን፣ ከመመሪያ የወሰዳችሁት ምሳሌ አልሠራ ካላችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ከአሁኑ ኮድ ጋር አመሳክሩት፤ ስህተት ከሆነም አርማችሁ ላኩት።