ስለ ኢርቱዕ ወደረኛነት የተነገረ ንግግር



ነገሩ ከጐተራ ይጀመር። በሐይቅ ዳር የሚኖር አንድ አባወራ ሐምሌ 1 ቀን እህሉን ቢሰፍር፥ ለ6 ቤተ ሰብ 120 ቀን፥ ይኸውም እስከ ጥቅምት 25 ቀን የሚበቃ ሆኖ አገኘው። በዚያው ቀን ከአምባሰል ደጋ 3 ዘመዶች መጥተው ተጠጉት፤ ተመጋቢውም 9 ሆነ። የሁሉም ድርሻ እኩል ከሆነ እህሉ እስከ መቼ ይደርሳል?

አንዱ ተማሪ 3 ሰው ከተጨመረ 3 ቀን ይቀነሳል ብሎ ጥቅምት 22 ይላል። ሁለተኛው፥ ሰው በእኩሌታ ጨምሯልና ቀኑም በእኩሌታ ይጐድላል ብሎ ነሐሴ 30 ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ የስሕተታቸው ዋጋ ግን ይለያያል። የፊተኛውን ያመነ አባወራ 37 ቀን ሙሉ ባዶ ጐተራ ይጠብቀዋል፤ የኋለኛውን ያመነ ደግሞ የእርሻ በሬውን ያለ ጊዜው ገበያ ያወጣዋል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የሆነውን ረኀብ ያየ የወሎ ሽማግሌ፥ ይህ የልጆች ጨዋታ እንዳልሆነ ያውቃል።

ትክክለኛው መንገድ ድርሻን መቍጠር ነው። 6 ሰው በ120 ቀን ሲባዛ 720 የዕለት ድርሻ ይሆናል። እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም ይህ 720 አይለወጥም። ለ9 ሲካፈል 80 ቀን ይሆናልና እህሉ መስከረም 15 ቀን ያልቃል። ሰዉ አንድ ተኩል እጥፍ በሆነ ጊዜ፥ ቀኑ ከሦስት እጅ ሁለት እጅ ሆነ እንጂ እኩሌታ አልሆነም።

እንግዲህ ኢርቱዕ ወደረኛነት ማለት አንዱ ሲጨምር ሌላው መቀነሱ ብቻ አይደለም፤ የሁለቱ ብዜት ሳይለወጥ መኖሩ ነው። ብዙ መምህር የሚስተው በዚህ ነው። ያው ጐተራ ምስክር ይሁን፤ እንግዳ ሳይመጣ 6ቱ ቢበሉ፥ በ10ኛው ቀን ማታ 660 ድርሻ፥ በ20ኛው ቀን ማታ 600 ድርሻ ይቀራል። ቀኑ ጨመረ፥ እህሉ ቀነሰ። ነገር ግን 10 በ660 ሲባዛ 6,600፥ 20 በ600 ሲባዛ 12,000 ነው። ብዜቱ ስለ ተለወጠ ይህ ኢርቱዕ ወደረኛነት አይባልም።

መንገድ ሌላ ምሳሌ ነው። ከደሴ እስከ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ እግረኛ በ6 ሰዓት ይደርሳል፤ በ10 የሚሄድ የበቅሎ መንገደኛ፥ በቅሎዋ ካልለገመች፥ በ3 ሰዓት ይደርሳል። የደቦም ነገር እንዲሁ ነው፤ 12 ሰው በ5 ቀን የሚያጭደውን 60 ሰው በ1 ቀን ያጭደዋል፤ ይህም ማሳው 60 አጫጅ የሚያሰልፍ እንደ ሆነ ነው። ይህን ከመምህሩ ይልቅ ሽማግሌው ያውቃልና ወደ ክፍል ተጠርቶ ይጠየቅ።

ለማሳየት 24 ባቄላ ይበቃል። ልጁ በ2 ረድፍ ሲደረድር በየረድፉ 12፥ በ3 ሲደረድር 8፥ በ4 ሲደረድር 6 ያገኛል። በ5 ረድፍ ሲሞክር ግን 4 ባቄላ ይተርፈዋል፤ ልጁም «ሕጉ ፈረሰ» ይላል። በዚህ ጊዜ መምህሩ አይቸኩል፤ የተረፉትን ለ5 ረድፍ እንዴት እንደሚያካፍል ልጁ ራሱ እስኪያገኝ ይታገሠው። እያንዳንዱን ባቄላ ለአምስት ቢከፍል ለየረድፉ አራት አምስተኛ ይደርሰዋል፤ 4 ከአራት አምስተኛም በ5 ሲባዛ ተመልሶ 24 ይሆናል።