ወረቀት እንዴት ይደርቃል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በሳይንስ ክበብ አባሎች የተሰጠ ንግግር)






ወደዚህ አዳራሽ ስትገቡ የበዓሉ ፕሮግራም የተጻፈበት አንዳንድ ካርድ በበሩ ላይ ተሰጥቷችኋል። ካርዱ ትንሽ ሻካራ ነው፤ ቀለሙም እንደ ሱቅ ወረቀት ነጭ አይደለም። ይህን ካርድ የሠራነው እኛው የክበቡ አባሎች ከአሮጌ ደብተሮች ነው። ዛሬ ልንነግራችሁ የምንፈልገውም ስለዚሁ ወረቀት፥ ይልቁንም ስለ አደራረቁ ነው። ይህን ርእስ የመረጥንበት ምክንያት አለን። የመዠመሪያው ሥራችን የተበላሸብን በዚሁ በማድረቁ ላይ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከበዓሉ ሁለት ወር ቀደም ብለን፥ «ለእንግዶቻችን ካርዱን ራሳችን እንሠራለን፤ ገንዘብ አይወጣበትም» ብለን ለመምህራኖቻችን ቃል ገባን። አሮጌ ደብተሮችን ቀደን በውሃ ዘፈዘፍን፤ በሙቀጫ ወቀጥን፤ እንደ ቀጭን ሊጥ ሲሆንልን በወንፊት እያወጣን በሰሌን ላይ ፀሐይ አሰጣነው። ከሰዓት በኋላ ተመልሰን ብናየው ጠርዙ ተጠቅልሎ፥ መካከሉ አብጦ፥ ገሚሱም ተሰንጥቆ አገኘነው። ከ40 ካርድ ለመጻፊያ የሚበቃው 6 ብቻ ነበር። ቃል የገባነው ደግሞ ለአዳራሹ ሙሉ እንግዳ ነው። እጅግ አፈርን።

በዚያ ሰሞን ከመካከላችን አንዱ፥ በሰፈሩ ብራና ወደሚፍቁ አንድ የኔታ ዘንድ ወሰደን። የተጠቀለለውን ወረቀታችንን አገላብጠው አዩና ሣቅ ብለው፥ «ልጆቼ፥ ቆዳውን እናንተ ያልወጠራችሁት እንደ ሆነ ፀሐይ ትወጥረዋለች፤ ፀሐይ ግን ስትወጥር እኩል አትወጥርም» አሉን። ከዚያም የፍየሉን ቆዳ በእንጨት መወጠሪያው ላይ በጠፍር ዙሪያውን ስበው እንዴት እንደሚያደርቁት አሳዩን። ቆዳው እየደረቀ ሲሄድ ሊሸበሸብ ይፈልጋል፤ መወጠሪያው ግን አይለቀውም። ስለዚህ ብራናው ዝርግ ሆኖ ይደርቃል። እኛም ከዚያ ቀን ዠምሮ፥ ፋብሪካ ወረቀቱን እንዴት አድርጎ እንደሚያደርቅ ለማወቅ መጽሐፍ እያገላበጥን መጠየቅ ያዝን።

ወረቀት ማድረቅ ለጥንት ሠሪዎችም ከባድ ሥራ ነበር። ወረቀት በቻይና አገር ከተዠመረ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ሆኖታል፤ በ105 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንናገራለን) ጻይ ሉን የተባለ የቤተ መንግሥት ሹም አሠራሩን ለንጉሠ ነገሥቱ እንዳስታወቀ ይነገራል። በቻይና እርጥቡን ወረቀት በተሞቀ ግድግዳ ላይ በብሩሽ እየለጠፉ ያደርቁት ነበር። በአውሮፓ ደግሞ በሰገነት ላይ ገመድ ዘርግተው እንደ ልብስ ያሰጡት ነበር። ዝናብና ጭጋግ በሆነ ጊዜ ሥራው ይጓተታል።

በ1799 ዓ.ም. ሉዊ ኒኮላ ሮቤር የተባለ ፈረንሳዊ ወረቀትን ሳያቋርጥ የሚሠራ መኪና ለማውጣት ከመንግሥቱ የባለቤትነት መብት ተቀበለ። መኪናው ረዥም ወረቀት ያወጣ ነበር፤ ነገር ግን የሚያወጣው እርጥብ ስለ ነበረ፥ እንደ ቀድሞው ተቈርጦ በገመድ ላይ መሰቀሉ አልቀረም። በ1820 ዓ.ም. ግን ቶማስ ቦንሶር ክሮምፕተን የተባለ እንግሊዛዊ ወረቀቱን በእንፋሎት በሚሞቁ የብረት ከበሮዎች ላይ እያሳለፉ ማድረቅን በስሙ አስመዘገበ። ዛሬም በታላላቆቹ ፋብሪካዎች የሚሠራበት ዋናው ዘዴ ከዚሁ የመጣ ነው።

እንግዲህ ወደ ፋብሪካው ውስጥ በሐሳብ እንግባ። የወረቀት መኪና ውሃን የሚያስወጣው በሦስት ደረጃ ነው፤ ይኸውም በማንጠፍጠፍ፥ በመጭመቅና በማሞቅ ነው። እናቶቻችን ጋቢ ሲያጥቡ ይህንኑ ያደርጋሉ። በመዠመሪያ ጋቢው ከውሃው ወጥቶ ይንጠፈጠፋል፤ ቀጥሎ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ይጠመዝዘዋል፤ በመጨረሻም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሳይጠመዘዝ የተሰጣ ጋቢ ግን እስከ ማታ እንደማይደርቅ ሁላችንም እናውቃለን።

ቍጥሩን እንመልከት። በመኪናው ራስ ላይ የሚፈሰው ሊጥ ከ200 ኪሎ ውስጥ 1 ኪሎው ብቻ የተክል ቃጫ ሲሆን፥ 199ኙ ኪሎ ውሃ ነው እንበል። ይህ ሊጥ በሚሮጥ ወንፊት ላይ ሲፈስ ውሃው በታች እየወረደ ይሄዳል። ወረቀቱ ከወንፊቱ ሲለይ ለ1 ኪሎ ቃጫ የቀረው ውሃ 4 ኪሎ ያህል ነው፤ ይህም ማለት 195 ኪሎው ያለ ምንም እሳት ወጥቷል ማለት ነው። ቀጥሎ ወረቀቱ ከወፍራም ጨርቅ ጋር በከባድ የብረት መዳመጫዎች መካከል ይጨመቃል፤ በዚህም 2 ኪሎ ከ800 ግራም ያህል ይወጣለትና 1 ኪሎ ከ200 ግራም ያህል ይቀራል። ይህ የቀረው ውሃ በቃጫው ውስጥ የተደበቀ ስለ ሆነ፥ ምንም ያህል ቢጫኑት በጭመቃ ብቻ አይወጣም። የሚወጣው በሙቀት ብቻ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በሙቀት የሚወጣው ውሃ ከጠቅላላው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ሆኖም መኪናው ከሚፈልገው ሙቀት እጅግ የሚበዛው የሚጠፋው ለዚሁ ነው። ምክንያቱን በፊዚክስ ክፍል ተምረነዋል። 1 ኪሎ ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ 80 ኪሎ ካሎሪ ይበቃል። የፈላውን 1 ኪሎ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 540 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይፈልጋል፤ ይኸውም ከስድስት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። እንጀራ ስትጋግር አክንባሎውን ስትከፍት እንፋሎት እጇን የመታት እኅታችን ይህን ያለ መጽሐፍ ታውቀዋለች። እንፋሎቱ ቆዳዋ ላይ ወደ ውሃ ሲመለስ ተሸክሞት የነበረውን ሙቀት ሁሉ በአንድ ጊዜ ያራግፍባታል።

ፋብሪካው የሚጠቀመው በዚሁ ጠባይ ነው። ከበሮዎቹ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ ከብረት የተሠሩ ናቸው፤ ከዳር እስከ ዳር ያላቸው ስፋት ብዙ ጊዜ 1 ሜትር ተኩል ወይም 1 ሜትር ከ80 ነው። በውስጣቸው እንፋሎት ይገባል፤ እንፋሎቱ የከበሮውን ግድግዳ ሲነካ ወደ ውሃ ይመለስና ሙቀቱን ለብረቱ፥ ብረቱም ለወረቀቱ ይሰጣል። ወረቀቱ ከብረቱ ጋር በደንብ እንዲጣበቅ አንድ ወፍራም ጨርቅ ከላይ ሆኖ ይጫነዋል። ከበሮዎቹ ከላይና ከታች በሁለት ረድፍ ስለሚቆሙ፥ ወረቀቱ አንዴ በአንዱ ገጹ፥ አንዴ በሌላው ገጹ እየሞቀ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ያልፋል። በሁለት ከበሮዎች መካከል ባለው ክፍት ቦታ ላይ እርጥበቱ እየተነነ ይወጣል፤ ከላይ ያለው ታላቅ ክዳን እርጥቡን አየር እየሰበሰበ ያስወጣል። ከዚያ አየር ሙቀቱን መልሰው የሚይዙ መሣሪያዎችም አሉ።

ከበሮዎቹ 50 ቢሆኑ፥ ስፋታቸውም 1 ሜትር ከ80 ቢሆን፥ ወረቀቱም ከያንዳንዱ ዙሪያ ሁለት ሦስተኛውን ቢነካ፥ በጋለ ብረት ላይ የሚጓዘው መንገድ 188 ሜትር ያህል ነው። መኪናው በደቂቃ 1,000 ሜትር የሮጠ እንደ ሆነ ይህን መንገድ በ11 ሰከንድ ይጨርሰዋል። ከዚህም የበለጠ የሚፈጥኑ መኪናዎች አሉ። እኛ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ጠብቀን ያበላሸነውን ሥራ እነርሱ ጥቂት እስትንፋስ እስክንስብ ያጠናቅቁታል።

ነገር ግን ፍጥነቱ ብቻ አይበቃም። በመዠመሪያ ከበሮዎቹ ሁሉ እኩል የጋሉ አይደሉም። የፊተኞቹ ለብ ያሉ ናቸው፤ እርጥቡ ወረቀት በድንገት የጋለ ብረት ቢነካ ይጣበቃል፥ ገጹም ይላጣል። ሙቀቱ የሚጨመረው ቀስ በቀስ ነው። ሁለተኛም፥ በከበሮው ውስጥ ወደ ውሃ የተመለሰው እንፋሎት ሁልጊዜ በቧንቧ እየተመጠጠ መውጣት አለበት። ያለዚያ ከበሮው በፍጥነት ሲሽከረከር ውሃው በውስጡ ዙሪያውን እንደ ሽፋን ይለብሰውና ሙቀቱን ያግዳል። ሦስተኛም፥ ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል መድረቅ ይገባዋል። አንዱ ስፍራ ቀድሞ የደረቀ እንደ ሆነ ቀድሞ ይሸበሸብና ሌላውን ይጐትተዋል። የኛ ካርድ የተበላሸው በዚህ ነው፤ ጠርዙ ደርቆ ሳለ መካከሉ ገና እርጥብ ነበር።

ወረቀት ለምን ይሸበሸባል? የተክል ቃጫ ውሃ ሲጠጣ በውፍረቱ ያብጣል፤ ሲደርቅም በውፍረቱ ይከሳል፤ በቁመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። በመኪና በተሠራ ወረቀት ላይ የሚበዙት ቃጫዎች ወደ መኪናው ሩጫ አቅጣጫ ያዘነበሉ ናቸው። ስለዚህ ወረቀቱ በአንድ በኩል ከሌላው ይልቅ ይኮማተራል። ጓደኞቻችን በቤታቸው ይህን ይፈትኑ፤ አንድ አሮጌ ጋዜጣ በቁመቱ ይቅደዱት፤ ከዚያም በወርዱ ይቅደዱት። በአንዱ በኩል ቀጥ ብሎ፥ በሌላው በኩል ተንሻፎ ይቀደዳል።

የማድረቅ ጥቅም ውሃን ማስወጣት ብቻ አይደለም። ወረቀት የሚጠነክረው ሲደርቅ ነው። ቃጫው ሴሉሎስ ከሚባል ነገር የተሠራ ነው፤ ውሃው ሲሄድ ቃጫና ቃጫ እየተቀራረቡ የሃይድሮጅን ትስስር በሚባለው ኀይል ይያያዛሉ። ሙጫ ሳይጨመር ወረቀት ወረቀት የሚሆነው በዚህ ነው። ውሃ የነካው ደብተር በቀላሉ የሚቀደደውም ውሃው ተመልሶ በቃጫዎቹ መካከል ገብቶ ትስስሩን ስለሚፈታው ነው። ይሁን እንጂ ጨርሶ የደረቀ ወረቀትም ደግ አይደለም፤ ይሰባበራል። ስለዚህ ፋብሪካው ከመቶ 5 እስከ 8 ያህል እርጥበት ይተውለታል።

ከዚህ ሁሉ አንድ ትምህርት አገኘን። በመጭመቂያው ላይ የወረቀቱን ድርቀት ከመቶ አንድ ብቻ ለመጨመር የተቻለ እንደ ሆነ፥ ከበሮዎቹ ማውጣት ከሚገባቸው ውሃ ከመቶ 4 ያህል ይቀነሳል፤ የሚነደውም በዚያው ልክ ይቀነሳል። በመጨረሻ ብዙ እሳት ከማንደድ ይልቅ በመዠመሪያ በሚገባ መጭመቅ ይሻላል ማለት ነው። ለፈተና ሳምንት ብቻ መብራት አብርተን ለምናድር ተማሪዎች ይህ ነገር እንግዳ አይመስለንም።

ይህን ካወቅን በኋላ ሥራችንን እንደ ገና ዠመርን። እርጥቡን ወረቀት በሁለት አቡጄዲ መካከል አድርገን፥ ከላይና ከታች ሳንቃ፥ ከሳንቃው ላይም ድንጋይ ጫንንበት፤ ጨርቁንም ደጋግመን ለወጥን። ከዚያም በጨርቁ ላይ የከሰል ካውያ፥ በመዠመሪያ ለብ ያለውን፥ በኋላም የጋለውን፥ ቀስ ብለን አሳለፍንበት። ጨርቁ የመጫኛው ጨርቅ፥ ካውያው ከበሮው፥ እጃችን ደግሞ መኪናው ሆነ። ከቤት ካውያ ያዋሱን እናቶቻችንን በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ከሰሉን ጨርሰናልና። ካርዱ ግን ዝርግ ሆኖ ደረቀ። የኔታም አይተውት፥ «አሁን ወጠራችሁት» አሉን።

በአገራችንም በወንጂ የወረቀት ፋብሪካ እንደ ተቋቋመ ይታወቃል። ከመካከላችን በእንዲህ ያለ ፋብሪካ የሚሠሩ፥ እሳቱንም የሚቈጥቡ መሐንዲሶች እንዲወጡ ተስፋ እናደርጋለን። እስከዚያው ግን አንድ ነገር በእጃችን አለ። ደብተራችንን ግማሹን ጽፈን ስንጥል፥ በዚያ ወረቀት ላይ የነደደውን ሙቀትም አብረን እንጥላለን። አሮጌ ደብተር ያላችሁ ጓደኞቻችን አትጣሉት፤ ለክበባችን አምጡልን። ለሚመጣው ዓመት በዓል ካርዱን የምንሠራው ከርሱ ነው።