የጎደለው ገንዘብና የሴትዮዋ ጫማ

እህቶቼ፣ እዚህ ሙረባዕ ድረስ ለመምጣት ማዳምን ለምናችሁ ያስፈቀዳችሁም፣ አርብ ተከልክላችሁ ይህን ንግግር በኋላ በዚህች መጽሔት የምታነቡትም እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ ስለ ባለሥልጣናት ነው የምናገረው። አትደንግጡ፣ ስለ ፓርቲ ልሰብክ አይደለም። ማታ ሥራ ጨርሳችሁ ስልክ ስትከፍቱ የሚመጣላችሁን ቪዲዮ እኔም አያለሁ። እገሌ የሕዝብ ገንዘብ በላ፣ እገሊት የመንግሥት ገንዘብ አጠፋች ይላል። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ በላ የተባለው ወንድ ሲሆንና ሴት ስትሆን ወሬው አንድ ዓይነት ነው?

ኅዳር 2011 ዓ.ም.ን አስታውሱ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት አቶ ብርሃኑ ጸጋዬ፣ ሜቴክ 37 ቢሊዮን ብር የሚያህል የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ ፈጽሟል ብለው መግለጫ ሰጡ። ወዲያው መሥሪያ ቤቱን ይመሩ የነበሩት ሜጀር ጀነራል ክንፈ ዳኘው እጃቸው በካቴና ታስሮ በቴሌቪዥን ታዩ። ሰው ሁሉ ስለ መርከቦቹ፣ ስለ ስኳር ፋብሪካው፣ ስለ ግድቡ አወራ። በዚያው ሰሞን ከዚሁ ጉዳይ ጋር ተያይዞ አንዲት የቀድሞ የቴሌቪዥን አቅራቢም ተይዘው ነበር። ስለ እርሳቸው እኔ ስልክ ላይ የደረሰው ግን ፎቶ ብቻ ነበር። መልካቸው፣ አለባበሳቸው፣ ከማን ጋር ታዩ የሚል ሐሜት። የተጠየቁበት ገንዘብ ስንት ነው ብዬ ስጠይቅ የመለሰልኝ ሰው የለም። ደግሞ ጀነራሉ ሲያዙ «ድሮም ወንድ ሲሾም እንዲህ ነው» ያለ ሰምታችኋል? እኔ አልሰማሁም።

ሌላም ልብ ያልኩት ነገር አለ። ወንዱ ካቴና ገብቶለትም «እሳቸው» ይባላል። ሴቲቱ ገና ሳትከሰስ «እሷ» ትሆናለች።

ወይዘሮ አዜብ መስፍንን ውሰዱ። ኤፈርት የሚባለውን ትልቅ የኩባንያዎች ስብስብ መርተዋል። ከእርሳቸው በፊት የመሩት አቶ ስብሐት ነጋ ነበሩ። የኤፈርት ሒሳብ የት ገባ ብሎ ሁለቱንም መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን አቶ ስብሐት ሲነሱ የሚወራው ስለ ሥልጣናቸው ነው፤ ወይዘሮ አዜብ ሲነሱ ስለ ሱቅና ስለ ልብስ። ደረሰኝ አይቻለሁ የሚል ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ ነው እንዳትሉ። በ2001 ዓ.ም. በእንግሊዝ የፓርላማ አባላት ወጪ ጉድ ሲወጣ ጃኪ ስሚዝ የሚባሉ ሴት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ለመንግሥት ባቀረቡት ሒሳብ ውስጥ ሁለት የብልግና ፊልሞች ተገኙ። ዋጋቸው 10 ፓውንድ ነው። ፊልሞቹን ያዩት ባለቤታቸው ናቸው፣ እርሳቸው ቤት አልነበሩም። ባልየው በር ላይ ወጥተው ይቅርታ ጠየቁ፣ ገንዘቡም ተመለሰ። መሳቂያ የሆኑት ግን ሚስት ናቸው። ምን ዓይነት ሚስት ናት፣ ቤቷ ምን ዓይነት ነው ተባለ።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። እኚህ ሴትዮ በእውነት የሚጠየቁበት ነገር ነበራቸው። ለንደን ውስጥ እህታቸው ቤት እያደሩ እሱን ዋና ቤቴ ብለው አስመዝግበው፣ ቤተሰባቸው ለሚኖርበት ቤት ከ116 ሺህ ፓውንድ በላይ ከመንግሥት ወስደዋል። በኋላ ደንብ ጥሰዋል ተብለው ፓርላማ ፊት ይቅርታ ጠይቀዋል። ግን ዛሬ ስማቸው ሲነሳ ሰው የሚያስታውሰው የቱን ነው? የ10 ፓውንዱን። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሐሜቱ ሴትዮዋን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ትልቁን ገንዘብም ይሸፍናል።

የሞሪሺየስ ፕሬዚዳንት የነበሩት አሚና ጉሪብ-ፋኪምም እንዲሁ። የተማሩ ሳይንቲስት ናቸው። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ሥልጣን የለቀቁት፣ ለአፍሪካ ሳይንስና ትምህርት እሠራለሁ የሚል የበጎ አድራጎት ድርጅት በሰጣቸው የባንክ ካርድ ልብስና ጌጥ ገዙ ተብሎ ነው። ገንዘቡን መልሻለሁ ብለዋል። ሌክስፕሬስ የሚባለው የአገራቸው ጋዜጣ ጉዳዩን ማውጣቱ ትክክል ነው፤ ለትምህርት የተሰጠ ገንዘብ ለጫማ አይደለም። ግን ከድርጅቱ ጀርባ አልቫሮ ሶብሪንሆ የሚባሉ የአንጎላ ባለባንክ ነበሩ፣ በሞሪሺየስም የባንክ ሥራ ፈቃድ ይፈልጉ ነበር። ካርዱን ለፕሬዚዳንቷ መስጠት ለምን አስፈለገ? ከባዱ ጥያቄ ይህ ነበር። በብዙው የዓለም ዜና ግን ጫማው ቀደመ። «በአፍሪካ ብቸኛዋ ሴት ርእሰ ብሔር» የሚለውም አብሮ ተለጠፈ፣ ጥፋቱ የሴቶች ሁሉ እንደሆነ። ከሰባት ወር በኋላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የእኛዋ ሣህለወርቅ ዘውዴ ሲሾሙ ያ ሁሉ ዓይን በእርሳቸው ላይ ነበር።

ወንድ አይሳቅበትም አልልም። የደቡብ አፍሪካው ጃኮብ ዙማ በመንግሥት ገንዘብ መዋኛ ገንዳ አሠርተው፣ ለእሳት ማጥፊያ ውሃ ነው ስለተባለ አገር ሁሉ ስቆባቸዋል፤ በ2008 ዓ.ም. የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ከፊሉን ክፈሉ ብሏል። ግን የተሳቀው በገንዳው ነው። ገንዳው ደግሞ ራሱ የጎደለው ገንዘብ ነው። ሴት ባለሥልጣን በሕዝብ ገንዘብ ጫማ ከገዛች በጫማው ይሳቅ፣ አልከላከልላትም። በእግሯ፣ በባሏና በመልኳ መሳቅ ግን ምን አመጣው?

የሶስናን ታሪክ ታውቃላችሁ። እኛ ካቶሊኮች በዳንኤል መጽሐፍ በ13ኛው ምዕራፍ እናነበዋለን፤ የኦርቶዶክስ እህቶቼ መጽሐፈ ሶስና ትሉታላችሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በሐሰት ሲከሷት መጀመሪያ ያዘዙት መሸፈኛዋ እንዲገለጥ ነበር። ውበቷን ለማየት ፈልገው እንጂ ለምርመራው ምን ይጠቅማል? ሕዝቡም ሽማግሌ ስለተናገረ አመነ። ዳንኤል ግን ለየብቻ አቁሞ በየትኛው ዛፍ ሥር አያችኋት አላቸው። የተለያየ ዛፍ ጠሩ።

ይህን ለእናንተ የምነግራችሁ በምክንያት ነው። ቤት ውስጥ ወርቅ ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የሚፈተሸው የማን ሻንጣ ነው? እኔ ጋ የምትመጡ ሁሉ ይህን ትነግሩኛላችሁ። ከዚያ ወሬው ይጀምራል። ሰሞኑን ስልክ ታበዛለች፣ ሽቶ ተቀብታ ነበር፣ ከሾፌሩ ጋር ስትስቅ ታይታለች። ስለ ወርቁ አንድ ቃል የለም። አገር ቤትም ያው ነው። አምስት ዓመት የላካችሁትን ብር ወንድም ጠጥቶ ጨርሶት፣ እናንተ ስትመለሱ መንደሩ የሚያየው የእናንተን ጫማና ፀጉር ነው። ብሩን በልብስ ጨረሰችው ይባላል። ባንክ ደብተሩ በማን ስም እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ የላካችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፣ ለምታምኑት አንድ ሰውም ላኩት፤ ስልክ ሊወሰድ ይችላል። ተከሰሳችሁ ማለት ደግሞ ጠባያችሁ ተከሰሰ ማለት አይደለም። ሾፌሩን አላወራሁም እያላችሁ አትከራከሩ፤ እሱ ወርቁን አያመጣም። ምን ጠፋ? መጨረሻ መቼ ታየ? ቁልፉ ማን እጅ ነው? በዚያ ቀን ቤት ማን ነበር? ይህን ረጋ ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም ያዙ። ፖሊስ ጋ ከደረሰ አስተርጓሚ እንዲመጣ ጠይቁ፣ ለኤምባሲ እንዲነገርም ጠይቁ። በአረብኛ የተጻፈና ያልተነበበላችሁ ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ አሻራም ፊርማ ነው። ቤት ውስጥ «ፈርሚና አገርሽ ትሄጃለሽ» ብለው የሚያቀርቡት ወረቀትም ቢሆን እንዲሁ፣ መጀመሪያ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። መጻፍ ለሚያስቸግራችሁ የድምፅ መልእክት ይበቃል፣ ሌሊትም ቢሆን አዳምጠዋለሁ።